ንፍሮውን የበሉት ትሎች

ግርማዬ፣ ሆዴ፣

ከሄድክ ስምንት ወር ሞላህ። ዛሬ ግን ላለቅስልህ አይደለም የተቀመጥኩት። ወሬ አለኝ። ኮራሉ ተከፈተ! ያ ሐምራዊው፣ አበባ የሚመስለው የባሕር ፍጥረት፣ ከሞምባሳ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ በአውቶቡስ ያመጣኸው፣ በለቅሶህ ሳምንት እንደ ቡጢ የተጨበጠው። ዛሬ ጠዋት ጣቶቹን ሁሉ ዘርግቶ አገኘሁት።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሁልጊዜ ከመሃል ትጀምሪያለሽ ትለኝ ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው። ምግብ ቤታችንን አሁን እኔ ይዤዋለሁ። ማንያታ ሰፈር ያለው ቤታችን ቆርቆሮው ብቻ ተቀይሯል። አንተ በምትተኛበት ጎን አሁንም አልተኛም። የመስታወት የአሳ ገንዳህ ሳሎን ውስጥ በቦታው አለ፤ ሁለቱ ብርቱካናማ አሳዎችም አሉ። ሰው አሁንም ይስቅብናል። ውሃ በጀሪካን ተሰልፎ በሚቀዳበት ከተማ፣ ውሃ ቀድቶ ጨው የሚበጠብጥ ቤት! ከቦሪ መንደር ወተት የምታመጣልን ዳርሚም እንደ ድሮዋ ናት። «ግመል የማይጠጣው ውሃ ምን ይሠራልሻል?» ትለኛለች፤ ወተቱን ሳታስቀምጥ ግን መጀመሪያ ሄዳ አሳዎቹን ሰላም ትላለች።

ትሎቹን ታስታውሳለህ። እንዴት ትረሳቸዋለህ! በድንጋዮቹ ውስጥ ተደብቀው ከባሕር የመጡት፣ ቡናማ፣ ረጃጅም፣ ጎንና ጎናቸው ነጭ ፀጉር ያበቀለ። በወረንጦ እየለቀምክ ታወጣቸው ነበር። አንድ ቀን ወረንጦው ጠፍቶህ በጣትህ ያዝክና ፀጉራቸው ቆዳህ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። ፕላስተር እየለጠፍኩ እየነቀልኩ ሳወጣልህ፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ሹፌር ነኝ እንጂ ድንጋይ አይደለሁም» እያልክ፣ እኔ እየሳቅኩ። ያን ሁሉ ዘመን የጭነት መኪና የነዳ ሰው፣ ለትል! ከዚያ ወዲህ ጠላቶችህ ሆኑ። ኮራሌን የሚበሉት እነሱ ናቸው አልክ። አመንኩህ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ከቀብርህ በኋላ ትል የሚለውን ቃል መስማት አልቻልኩም። ቃሉን ብቻ። ጎመን ስከትፍ አንዲት ትል አይቼ ቢላዋውን ጥዬ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። አሁን ያለህበትን ቦታ አስባለሁ። አልጽፈውም።

በለቅሶው ጊዜ መጋረጃው ተዘግቶ ሰነበተ። ገንዳውን ያየም ያጸዳም አልነበረም። ሰው ግን ሞልቶ ነበር፤ ከሩቅ፣ ከሶሎሎ ሳይቀር መጡልህ። ንፍሮ በሰሃን ይዞራል። ለቀስተኛው አሳዎቹ እንዳይራቡ አዘነላቸው መሰለኝ። አንዱ ሁለት ፍሬ ስንዴ ጣል፣ ሌላዋ አንድ ሽምብራ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ ባየሁ ጊዜ ንፍሮው በድንጋዮቹ መሃል ተከምሯል። ኮራሉ ተጨብጧል። አሳዎቹ ጥግ ይዘዋል። እጄን ወደ ውሃው ለመስደድ አቅም አልነበረኝም። ይበስብስ አልኩ። ሁሉም ይበስብስ።

አልበሰበሰም። ይህን ሳላስተውል መቅረቴ ነው የሚገርመኝ።

ለአሳዎቹ ከላይ ምግብ ከመጣል በቀር ገንዳውን ሳልነካ ከርሜ፣ ባለፈው ወር መጋረጃውን ገልጬ ላጸዳ ስል አየኋቸው። አንድ ሁለት አይደሉም፤ ከየድንጋዩ ስንጥቅ ይርመሰመሳሉ። ጮህኩ። ዳርሚ ሮጣ ገባች፣ አየች፣ ሳቀች። «ለዚህ ነው? ትል ያው ትል ነው። ለፍየል የምንሰጠውን ዳዋ፣ ያን የትል መድኃኒት ስጪው፣ በማግስቱ ያልቃል።» በዚህ አገር ትል ያለበት ፍጥረት ሁሉ አፉን ተፈልቅቆ መድኃኒት ይጠጣል፤ እኔም ትክክል መሰለኝ። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩ «ፍየሏ ስንት ኪሎ ትሆናለች?» አለኝ። ፍየል አይደለችም፣ ባሕር ናት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ማማ፣ ፀሐይ ላይ ብዙ ቆመሻል» ብሎ ለመካከለኛ ፍየል የሚሆን ሰጠኝ።

ነጩን ፈሳሽ በሲሪንጅ ስቤ ገንዳው ላይ ቆምኩ። የቀረው አውራ ጣቴን መጫን ብቻ ነበር። ያኔ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። አንተ አንድ በአንድ በወረንጦ ስትለቅም ኖርክ እንጂ መድኃኒት ጨምረህ አታውቅም። ለምን? ስልክህን ከመሳቢያ አወጣሁ። ድንጋዮቹን የሸጠልህ የሞምባሳው ሽማግሌ ቁጥር አለ። ደወልኩ። በዚያ በምትስቅበት ስዋሂሊዬ አስረዳሁት። መሞትህን አልሰማም ነበር። አጽናናኝ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ገደልሽ እንበል። የት ልትቀብሪያቸው ነው?» አለኝ።

ድንጋዩ ውስጥ የሞተው ሁሉ እዚያው ይበሰብሳል፣ ውሃው ይመረዛል፣ አሳዎቹም ይከተላሉ አለ። እነዚህ ፀጉራሞቹ ሕይወት ያለው ኮራል አይነኩም፤ የሚበሉት የሞተውንና የተረፈውን ነው። የበዙትም የሚበላ ስለበዛላቸው ነው። «ምን ስታበያቸው ከረምሽ?» ሲለኝ ንፍሮው ትዝ አለኝ። ሳይበሰብስ የጠፋው በእነሱ ተበልቶ ኖሯል።

ዝም ብዬ አላመንኩም፤ ታውቀኛለህ። ጨለማ ይወዳሉና በቀትር መጋረጃውን መልሼ ዘጋሁ፣ ቁራጭ አሳ ከኮራሉ ሥር አኖርኩ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንዱ ወጣ። ኮራሉን ነካው። ዞሮት አለፈ! ቁራጩን ይዞ ገባ። ሦስት ቀን ደጋገምኩት፤ ሦስቱንም ቀን ዞረውት አለፉ። ግርማዬ፣ ተሳስተህ ነበር! እንዴት ደስ እንዳለኝ። አንተ የማታውቀውን አንድ ነገር አውቄ ልነግርህ መቻሌ።

ሁሉም ደጎች ናቸው አልልህም። ኮራል የሚበላ ዘር አለ፣ ሲበላ ካየሽው አውጪው ብሎኛል ሽማግሌው። ደግሞ ጠፍጣፋ፣ የሽምብራ ገለባ የሚመስሉ ቡናማ ነገሮች ኮራሉ ላይ ተለጥፈው ብርሃን ከልክለውት ነበር። እነሱም ትሎች ናቸው። በቀጭን ቱቦ እየሳብኩ አወጣኋቸው፤ ኮራሉም የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። እና በየጠዋቱ፣ ይሄኛውስ የትኛው ነው እያልኩ እጨነቃለሁ። ነገ ልሳሳት እችላለሁ።

መድኃኒቱን ለዳርሚ ሰጠኋት፣ ለእውነተኛ ፍየል። «ባሕርሽ ዳነች?» አለችኝ። ዳነች አልኳት።

ጎመንም እንደገና እከትፋለሁ። ያለህበትን ቦታ አስባለሁ፣ ቢላዋው ግን ከእጄ አይወድቅም። እዚያ ያሉት ትሎችም የቀረውን ወስደው፣ አንድ የማይነኩትን ነገር ዞረው የሚያልፉ ይመስለኛል። ምን እንደሆነ አላውቅም። የማይነኩት ነገር ግን አለ።

ከአራት ወር በኋላ ሙት ዓመትህ ነው። ሰው ይመጣል፣ ንፍሮው ይዞራል። ገንዳውን በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ፤ ማንም አይጥልበትም። ሁሉም በልቶ ሲሄድ ነጠላውን ገልጬ ለትሎቹ አንዲት ፍሬ ስንዴ እኔው እጥልላቸዋለሁ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ እነሱ ቀርተው ቤትህን አጽድተዋልና። ስምህን ጠርቼ ነው የምጥለው። በየዓመቱ፣ እኔ እስካለሁ። አንዲት ፍሬ ብቻ፤ ደግሞ እንዳይበዙ።

ያንተዋ፣
ከመሃል የምትጀምረው