በአናቴ ላይ የዞረችው ሥጋ

ለመላው የመክነስ ከተማ ሕዝብ፣ በተለይም ለአንተ ለወዳጄ ለቡሽታ፦ ትናንት ማራኬሽ ውስጥ፣ ከሸክላው ድስት መሃል አንዲት ቁራጭ የበግ ሥጋ ብቻ መትረፏን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ከሚስቴ ወንድም ከማአቲ ጋር፣ ሙዚቃና ጭፈራ ያለበት ቤት እራት እየበላን ነበር። እንደ ወጉ እኔ ሥጋዋን ወደ እሱ ገፋሁ፤ እሱም ወደ እኔ መለሳት።

"በአላህ፣ ብላ!"

"ኧረ አንተ ብላ፣ ጥርስ የተረፈህ አንተ ነህ!"

ዓይናችንን ግን ሁለታችንም ከእሷ ላይ አልነቀልንም።

በዚህ መሃል፣ ሻማ የተደረደረበት ትሪ አናቱ ላይ አስቀምጦ የሚጨፍረው ሰውዬ መጥቶ እጄን ያዘ። "አባባ፣ ይነሱ እንጂ!" የማአቲ ፊት በራ። "ተነስ፣ ሰው አታሳፍር!" አለኝ፤ ጣቶቹ ወደ ድስቱ መንገድ ጀምረዋል። ምን ላድርግ? ድስቱን ከነሥጋዋ አናቴ ላይ ጫንኩና ተነሳሁ።

መረቁ በጆሮዬ እየወረደ ወገቤን ነቀነቅሁት። ማአቲም የሚንጠባጠበውን በዳቦ እየተቀበለ ከኋላዬ ይጨፍራል። ከበሮ መቺዎቹ አበዱ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ባለ ትሪው ብቻ አኩርፎ፣ "አባባ፣ እንጀራዬን ሊዘጉብኝ ነው እንዴ?" አለኝ።

በመጨረሻ ተቀምጠን ሥጋዋን እኩል ተካፈልን።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ለባለቤትህ ለላላ ይጡ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የልጅ ልጆችህን ሳምልኝ። ከዚህ ሁሉ የዋሸሁህ እኩል ተካፈልን ያልኩትን ብቻ ነው። ማአቲ ለጭብጨባው ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሳ፣ እኔ ዋጥኳት።