ስለተወሰደው መሰላልና ያለጥፋቷ ስለታገደችው ባለቤቴ

ቀን፦ ጥቅምት 19

ለሕዝብ የዛፎች መናፈሻ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በባለቤቴ ላይ የተጣለው የሦስት ወር እገዳ እንዲነሳና ጥፋቱ በእኔ ስም እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ሰዓት እየጠገንኩ የምተዳደር፣ ከባለቤቴ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀጥሎ የማቀርበውን ቃል ማንም አስገድዶኝ ሳይሆን በገዛ ፈቃዴ ጽፌዋለሁ።

1. ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርታ አምና ጡረታ ወጣች። ሁለት ወር ያህል የቤታችንን መሳቢያ ሁሉ ስታስተካክል ከረመች። መሳቢያው ሲያልቅባት ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ መቀመጥ ጀመረች። ማስታወቂያዎን ማቆሚያው ላይ ተለጥፎ አይቼ የነገርኳት እኔ ነኝ። መናፈሻውን መደገፍ የሚሻ ሰው ዓመታዊ አባል መሆን፣ አንድ ዛፍ ተረክቦ መንከባከብ፣ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ በጉልበቱና በሙያው ማገዝ ይችላል ይላል። «ሂጂ እንጂ፣ ቢያንስ ንፋስ ትቀበያለሽ» አልኳት። ይህን የማነሳው በማንም እንዳላላክክ ነው።

2. ሄደች። በሄደች በወሩ ሌላ ሰው ሆና መጣች። ጥፍሯ ውስጥ አፈር፣ ፀጉሯ ላይ የዛፍ ልጣጭ ይዛ ትገባና እጇን ሳትታጠብ ወሬዋን ትጀምራለች። የጸደዩን መርሐ ግብር በቃሏ ይዛዋለች፦ የወፍ ድምፅ የሚደመጥበት የማለዳ ጉዞ፣ ዛፍ ሥር ሥዕል የሚሣልበት እሑድ፣ የችግኝ መለዋወጫው ቀን፣ ከሁሉም በኋላ የአበባው ሳምንት። ይህ ሁሉ ባልከፋኝ ነበር። ከወሬው መሃል ግን አንድ ሰው አይጠፋም። እሱም ቅርንጫፍ ቆራጩ ሠራተኛችሁ ነው፤ ቁመቱ ረጅም በመሆኑና መሰላል ከትከሻው ስለማይወርድ «መሰላሉ» የምትሉት። መሰላሉ እንዲህ አለ፣ መሰላሉ እንዲህ አሳየኝ። አንድ ቀን እራት ላይ ዘጠኝ ጊዜ ስሙን አነሳች። መቁጠሬን አልክድም።

እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎትና ቅናት በዚህ ዕድሜ ምን ይመስላል ቢሉኝ ነውሩ ይበዛል። ሱቄን በጊዜ እየዘጋሁ በአጥራችሁ ዙሪያ መመላለስ ጀመርኩ። የደንበኛ ሰዓት ከፍቼ፣ የፈታሁትን ብሎን የት እንዳኖርኩት ጠፍቶኝ ግማሽ ቀን ወለል ለወለል ዳክሬያለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ቁመቴን ለክቻለሁ።

3. በችግኝ መለዋወጫው ቀን የወንድሜን ሰፊ ባርኔጣ ደፍቼ ከጎብኚው ጋር ገባሁ። በር ላይ ባለው መዝገብ በሥራ ዓይነት «ጡረተኛ» ብዬ ሞልቻለሁ፤ ይህም ሐሰት ነው። ባለቤቴን ከትልቁ ግራር ሥር አገኘኋት። ዛፉ ላይ የተደገፈውን መሰላል በሁለት እጇ ይዛ ሽቅብ ታያለች። ሰውየው ወገቡን በገመድ ታስሮ ላይ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጧል። ሥራውን ገታ አድርጎ፣ «እቺኛዋ ትነሳ ወይስ ትቆይ?» ብሎ ጠየቃት። ጊዜ ወስዳ አየች። «ትቆይ፣ ገና ነፍስ አላት» አለችው። እሱም መጋዙን አጥፎ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ዞረ። ይኸው ነው ያየሁት፤ ከዚህ ሌላ አንዲት ነገር አላየሁም። አንጀቴን ያሳረረኝም ይኸው ነው። እኔ ቤታችንን ቀለም ሳስቀባ እንኳ የትኛው ይሻላል ብዬ አልጠየቅኋትም።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት እናት ልጆቿን ይዛ መጥታ ችግኝ እንድታሳያት ለመነቻት። ባለቤቴ ሽቅብ ተጣርታ፣ እሱም «ሂጂ፣ እኔ ገና ነኝ» ብሎ ፈቅዶላት፣ ሃያ እርምጃ ያህል ራቀች። ያን ጊዜ መሰላሉን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ተሸክሜ ሄጄ ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ አጋደምኩት፤ ከዚያም በዋናው በር ወጣሁ። ሰውየው ቢወድቅስ ብዬ አላሰብኩም። ያሰብኩት እሷ አንጋጣ የምታየው ሰው ለአንድ ቀን እንኳ መውረጃ አጥቶ ሲቁለጨለጭ እንድታየው ብቻ ነው።

4. ጽሕፈት ቤትዎ በሦስተኛው ቀን በላከው ደብዳቤ፣ ባለቤቴ «በኃላፊነት የተሰጣትን መሰላል ያለጠባቂ ትታ በመሄድ የሠራተኛን ሕይወት ለአደጋ አጋልጣለች» ተብሎ ለሦስት ወር ከቅዳሜ ሥራ ታገደች። በአበባው ሳምንት ጎብኚ እንድትመራ የተሰጣትም ዕድል ተነሳባት፤ እገዳዋም በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ተለጠፈ። ደብዳቤውን ሳሎን ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ እንደ መዝገብ ቤት ሰው በአቃፊ ውስጥ አኖረችው። አላለቀሰችም። «እውነታቸውን ነው፣ መተው አልነበረብኝም» አለች።

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ዳቦና ቅቤ ገዝቼ ገብቼ አብረን ቁርስ በላን፤ የመሰላሉ ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሳ ዋለ። የፈለግሁትን አገኘሁ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ወንበሯ ወደ መስኮቱ ተመለሰ። በሦስተኛው ቅዳሜ የተስተካከሉትን መሳቢያዎች ገልብጣ ምንጣፍ ላይ ዘርግታ እንደገና ማስተካከል ስትጀምር ደረስኩ። ማንኪያዎቹን በመጠን በመጠን እየደረደረች ነበር።

5. በማግስቱ እሑድ ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የጠየቀችኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ራሴን ስወቅስ ስታየኝ ምን ይሰማህ ነበር?» መልሴን ሳትጠብቅ ያን ቀን ዛፉ ሥር የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። ለካስ ሰውየው መሰላሉ ተፈልጎ እስኪገኝ አርባ ደቂቃ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ታች ያለችውን እሷን ሲያጽናናት ነበር። «አትደንግጪ፣ አየሩ ጥሩ ነው» እያለ። ስለዚያ ሰው በልቧ ሌላ ነገር እንዳለ ጠየቅኋት። «እዚያ ስሆን ደስ ይለኛል፤ እሱም ደግ ሰው ነው። ሌላ የምታውቀው ነገር ካለ አንተው ንገረኝ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ለእኔ ያልከውን ለእነሱም ጻፍላቸው» ብላ የራሷን ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ያነጋገረችኝ ለቤት ጉዳይ ብቻ ነው፦ በሩን ቆልፍ፣ ስልክህ ይጮሃል።

6. ትናንት በሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ከበራችሁ ውጭ ቆሜ ያንን ሰው ጠበቅሁት። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ «ከማቆሚያው ፊት ለፊት ያለኸው ሰዓት ጠጋኙ ባሏ ነህ፤ ያን ቀን ባርኔጣው ሰፍቶህ ነበር» አለኝ። ከላይ ሆኖ አይቶኛል። መሰላሉን ተሸክሜ እስከ መሣሪያ ቤቱ ድረስ ስሄድ በዓይኑ ሸኝቶኛል። ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብዬ ጠየቅሁት። «የገዛ ባሏ ነው ብዬ በሰው ፊት ከማሳፍራት፣ ረሳሁት ብላ ብታዝን ይሻላል ብዬ ነው። እገዳው ሲመጣ ግን ተሳስቼ እንደነበር ገባኝ። አንተ ራስህ እስክትናገር ጠበቅሁ፤ ዛሬ ባትመጣ ነገ እኔው እናገር ነበር» አለኝ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ለእኔ እንዴት በቀለለኝ። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። በዚያች ቅጽበት ከምንጊዜውም የበለጠ ቀንቼበታለሁ፤ ቃሌ ሙሉ እንዲሆን ይህንንም አልደብቅዎትም።

7. ስለሆነም በባለቤቴ ላይ የተጻፈው ደብዳቤ ተሽሮ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ የአበባው ሳምንትም በቀድሞው መርሐ ግብር መሠረት እሷ እንድትመራው፣ መሻሩም እሷ በጥፋተኝነት በተነሳችበት በዚያው ማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ በትሕትና እጠይቃለሁ። በእኔ ላይ ጽሕፈት ቤትዎ የሚወስነውን እገዳም ሆነ ክስ ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ከሰውየው ጋር እንዳትመደብ ይደረግልኝ የሚል ጥያቄ የለኝም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አመልካች፣ ሰዓት ጠጋኙ

አባሪ፦
— ለባለቤቴ የተጻፈው የእገዳ ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ፣ ከአቃፊዋ በፈቃዷ የተወሰደ።
— ቅርንጫፍ ቆራጩ ለእርስዎ ጽፎ ትናንት ስንለያይ የሰጠኝ ምስክርነት፣ በታሸገ ፖስታ። ስለ እሷ ምን ብሎ እንደጻፈ አላውቅም። አንድ ጊዜ መስኮት ላይ ለብርሃን አንስቼው ነበር፤ ፖስታው ወፍራም ነው። እንደታሸገ አስረክቤያለሁ።

ግልባጭ፦ ለባለቤቴ