ካፒቴኑ የሞተ ዕለት

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከ/ሰዓት

ዛሬም ስም አልወጣላትም። የኔ ድምፅ ግን ተዘጋ።

ያው ሸዋ በር፣ ያው ጭማቂ ቤት፣ ያው ጥግ። አራታችን። ውጪ የሚኒባስ ረዳቶች ይጮኻሉ፣ ውስጥ እኛ። አስተናጋጇ ለምዳናለች፤ «የሰማይ ሰዎች መጡ» ትላለች።

ጠቡ በጠፈር መርከባችን ነው። በቴሌግራም ግሩፓችን ተራ በተራ የምንጽፈው ልብ ወለድ አለ፤ መርከቧ ከሐረር ተነሥታ ወደ ሌላ ፀሐይ ትሄዳለች። ሠራተኞቿ እኛው ነን፣ በገዛ ስማችን። ነዳጅ አላት፣ ካፒቴን አላት (ልብስ ሰፊው ነጅብ)። ስም ብቻ የላትም። ጋሽ ታደሰ (ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ክርክር ከምግብ የሚበልጥባቸው) «መብረቅ» ካልተባለች አልሳፈርም ብለዋል። ኢፍቱ፣ ከሐኪም ጋራ ሰፈር የምትመጣው የነርስ ተማሪ፣ «በከልቻ» ትላለች፤ በኦሮምኛ የንጋት ኮከብ። ነጅብ ደግሞ ሁሉም በየቤቱ ቋንቋ ይጥራት ባይ ነው። የጀጎል በሮች እያንዳንዳቸው ስንት ስም አላቸው፣ በር የጠፋበት ሰው አለ ወይ ይላል። ተናደድኩ። አደጋ ሲደርስባት በሬዲዮ በየትኛው ስም ነው ድረሱልኝ የምትለው? ሳቀብኝ።

ከዚያ ወሬው ከሌላ ፀሐይ ዘንድ ስለመጣው ጅራታም ኮከብ ሆነ። በፀሐያችን አጠገብ አልፎ ይሄዳል፣ አይመለስም። ነጅብ፣ እንግዳ ሰፈር ድረስ መጥቶ ቤት ሳይገባ ካለፈ እናቴ ትቀየማለች አለ። ሳቅን።

አቮካዶውን እየጠጣ፣ በዚያው ድምፅ፣ ተራዬ ደረሰ አለ። የሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ፣ አ.አ.፣ የልብ ቀዶ ሕክምና። ድሬዳዋ ደርሼ እመጣለሁ እንደማለት አድርጎ። በልጅነቱ ጉሮሮው ታሞ ሳይታከም ቀርቶ ወደ ልቡ የሄደበት ነው፤ ቫልቩ ተበላሽቷል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ተራ ይደርሳል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ። ነጅብ ሱቅ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ልብሱን ሳይወስድ እንዳይቀር እየቸኮለ ይሰፋል። ካልተመለስኩ ሱሪያቸው ቤቴ ታስሮ ይቀራል ብሎ ቀለደ። አልሳቅኩም።

ፎቅ ሲወጣ በየመሃሉ ይቆማል። የቆመው በመስኮት ለማየት እንደሆነ ያስመስላል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያኔም ሩጫ ላይ የጫማ ክር የሚያስር እያስመሰለ ነበር የሚያርፈው። ደብተሬ፣ ፍቅር ነው ብለህ እንዳትጠረጥር። ሦስት ወንድም አለኝ፣ አንዳቸውም እንደሱ አያናድዱኝም። ነገሩ እሱ ነው።

ፈርተሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ማርስ ላይ ስለተገኘው ድንጋይ አወራኝ። ስለ ድንጋዩ ብዙ አወቅኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ከጁምዓ በኋላ ሄደ። ከአጎቱ ልጅ ከረምዚ ጋር። እናቱ በጉልበታቸው ምክንያት ቀሩ። እሱ «አይ» ይላቸዋል፣ በሐረሪ እናት ማለት ነው፤ እኔም ከሱ ለምጄ አይ ዘይነብ እላቸዋለሁ። ደጃፍ ላይ ቆመው ዱዓ አደረጉለት። አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ዐይኔ ውስጥ አቧራ የገባ ይመስል።

በየቀኑ እየመጣሁ አይዎታለሁ አልኳቸው። «ኢንሻአላህ በይ» አሉኝ። ክርስቲያን ነኝ፣ ግን አልኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጠዋት፦ ወሬ የለም።

እኩለ ቀን፦ የለም። የረምዚ ስልክ ዝግ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ የአንዱን ሰው የቤት ካርታ ገልብጬ አነሣሁት። ሰውየው ተቆጣ፣ ልክ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም፦ ስልኬ ጮኸ፤ ዘልዬ አነሣሁ። ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ግሩፑ ላይ። የልብ ወለዱን ክፍል ለጥፈዋል፣ ተራቸው ነው። የመጀመሪያው መስመር፦ «ነጅብ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ዐረፈ።»

ዛሬ! ዛሬ ካፒቴኑን መግደል! እሰይ፣ ጥሩ ቀን መረጡ። ደወልኩላቸው፣ አያነሡም። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ጋሽ የምለው።

አይ ዘይነብ ቤት ሄጄ ተመለስኩ። እሳቸውም ወሬ የላቸውም። ስለ ልብ ወለዱ አልነገርኳቸውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ጠዋት

ኢፍቱ ደወለች። ከጊደር መጋላ ገበያ በኩል ሴቶች ተሰብስበው ወደነ ነጅብ ቤት እየሄዱ ነው አለች። የአፎቻ ሴቶች። ለልቅሶ ለብሰዋል። ሱቁን ሳልዘጋ ነው የ

ማክሰኞ። ከ/ሰዓት

አሁን ልጻፈው።

አፎቻ ለሠርግም ለሐዘንም የሚቆም የሴቶች ማኅበር ነው። የቀረች ትቀጣለች። ስለዚህ ወሬ ሲሰማ እውነት ነው ወይ ብሎ የሚያጣራ የለም፤ መጀመሪያ መድረስ፣ ማጣራቱ እዚያው። ግሩፓችን ውስጥ ደግሞ የማይጽፉ፣ የሚያነቡ ብቻ ብዙ አሉ። ከነሱ አንዷ የጋሽ ታደሰን የመጀመሪያ መስመር ብቻ አይታ ለእህቷ ላከች። እህቷ ለአማቷ። አማቷ የአፎቻ ሰው ናት። ነጅብ ለቀዶ ሕክምና እንደሄደ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ማን ይጠራጠር?

ስደርስ በሩ ላይ ጫማ በጫማ ላይ ተከምሯል። አይ ዘይነብ ነደባ በሚባለው ቀይ መደብ ጥግ ተቀምጠዋል። እንባ የለም። መቁጠሪያቸው፣ ሙስበሓው፣ እጃቸው ላይ ቆሟል። እኔ ከሩጫ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ልብ ወለድ ነው፣ ልብ ወለድ ነው እላለሁ። ግማሾቹ በድንጋጤ ያበድኩ መሰላቸው።

ስልኬን አሳየሁ። አንብቢው አሉኝ። ለልቅሶ በተሰበሰበ ቤት መሃል ቆሜ አነበብኩ፤ መርከቧ እንዴት ወደ ሁለት ፀሐይ እንደቀረበች፣ ካፒቴኑ መስኮቱ ዘንድ ተቀምጦ ሁለቱም አንድ ላይ ሲወጡ እያየ እንዴት እንዳረፈ፣ ሠራተኞቹ ቁርስ አቅርበው ሥራቸውን እንዴት እንደቀጠሉ። ሁለት ፀሐይ ስል አንዷ ሴትዮ «ያ አላህ» አሉ። ሌላዋ ታዲያ ሰላቱ በየትኛዋ ነው ብለው ጠየቁ። ተቆጧቸው።

ጨርሼ ዝም ስል አይ ዘይነብ ቀና አሉ። «እሺ ልጄ። ታዲያ አንቺ ድምፁን ሰምተሻል?»

አልሰማሁም። ከዓርብ ጀምሮ አልሰማሁም።

ያን ጊዜ ፈራሁ። እስከዚያ ድረስ እውነቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ ሌላው ሁሉ ተሳስቷል። እሳቸው ሲጠይቁኝ ግን ጋሽ ታደሰ የጻፉት ውሸት ለመሆኑ በእጄ ምንም እንደሌለ ገባኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሴቶቹ አላለቀሱም፣ አልሄዱምም። ለደስታ ይሁን ለሐዘን ያልታወቀ ቤት፣ ሁሉም ተቀምጦ ይጠብቃል። ቀስ ብለው ዱዓ ጀመሩ። ኢፍቱ ደርሳ በረንዳ ላይ አ.አ. ላለ ለምታውቀው ነርስ ሁሉ ትደውላለች።

ከዚያ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ረምዚ! ስልኩ መታጠቢያ ቤት ውኃ ውስጥ ወድቆበት፣ የሰው ስልክ ለምኖ ነው። ቀዶ ሕክምናው ትናንት ዘግይቶ ተጀመረ፣ በደኅና አለቀ። ዛሬ ጠዋት ነቃ፣ ዐይኑን ገለጠ፣ እጁን ጨበጠው። መናገር ገና አይችልም። ድምፁን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሰማሁ። አይ ዘይነብ «ወላሂ በል» አሉት። አለ። «ድገም።» ደገመ። አሁንም አስደገሙት።

ከዚያ አለቀሱ። ለልቅሶ የመጡትም ያኔ አለቀሱ። ከዚያ እልልታ። እኔ ምድር ላይ ተቀመጥኩ። አልሐምዱሊላህም አልኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገንም አልኩ። የመጣልኝን ሁሉ አልኩ።

ሱቄን ጎረቤቴ ዘግተውልኛል። ምንም አልጠፋም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ቀለል ብሎኛል፣ ደብተሬ። ጠዋት በቅጡ ቁርስ በላሁ። የሰኞው ሰውዬ ካርታውን መልሶ አምጥቶ ነበር፤ በነጻ አነሣሁለት።

አይ ዘይነብ ቤት ሴቶቹ ዛሬም መጡ። ለደስታው ነው ይላሉ፤ እውነቱ ግን ልብ ወለዱ ይዟቸዋል። ከመጀመሪያው አንብቢልን አሉኝ። አስተያየታቸው ብዛቱ! መርከቧ ላይ አፎቻ የለም፤ ታዲያ ማን ይድራል፣ ማን ይቀብራል? ልክ ናቸው። አራት ሰው በልተን ጠጥተን ሌላ ፀሐይ ድረስ ስንጽፍ አንዳችንም አላሰብነውም።

ጋሽ ታደሰ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው። አይ ዘይነብ ከበሩ አጠገብ አስቀመጧቸው፣ ከዚያ ወረዱባቸው፤ ሰው ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ በሰማይም ቢሆን አይቀበርም። እኔ ክርክሩን ጠበቅኩ። ጋሽ ታደሰ በሻይ ስኳር እንኳን ይከራከራሉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብቻ አሉ። ልክ ልካቸውን ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር፣ እንደዚያ ሲያቀረቅሩ ግን አላስቻለኝም።

ለመሆኑ መርከቧ ማን ትባላለች አሉ አይ ዘይነብ። ስም የላትም፣ ስንጣላ ከረምን አልኳቸው። ደስ አላቸው። ልጅ ተወልዶ ስም የሚወጣለት በሰባተኛው ቀን ነው፣ መጀመሪያ መቆየቱ ይታይ፤ እሷም ያለ ስም ትሂድ፣ ሰማይ ላይ ትሰንብት፣ በሰባተኛው ቀን የተሳፈሩት ያውጡላት አሉ። አበቃ። የክረምት ሙሉ ጠብ በአንድ ስኒ ሻይ አለቀ። ጋሽ ታደሰ «መብረቅ»ን አንድ ጊዜ እንኳን አላነሡም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ነጅብ መጣ። ትናንት በአውሮፕላን ድሬዳዋ፣ ከዚያ በመኪና፣ ቀስ እያለ። ዛሬ ጭማቂ ቤት ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረ። ከስቷል። ፊቱ ላይ ግን ደም አለ፣ እንደዚያ ቀልቶ አይቼው አላውቅም። ዝም ስንል ደረቱ ውስጥ ቲክ፣ ቲክ ይላል። አዲሱ ቫልቭ። ኢፍቱ እንደዚያ ነው የሚሆነው አለች፣ ቢሆንም እየተነሣን ጆሯችንን ለጠፍን። አስተናጋጇም ለጠፈች።

አዘጋጅቼ የመጣሁት ነገር ነበረኝ። ካፒቴኑ አልሞተም፣ በረዶ ውስጥ ተኝቶ ነው፣ የሚል ክፍል። እናስነሣው አልኩ። ነጅብ አይሆንም አለ። ከዚያ ተናገረ። እንዲሞት ያስጻፈው እሱ ራሱ ነው። ከመሄዱ በፊት ጋሽ ታደሰን ለመናቸው፤ ሰኞ ለጥፉልኝ፣ ለማንም አይንገሩ ብሎ። ተጽፎ ማየት ፈለገ። እሱ ከሌለ በማግስቱ ጠዋት እነማን ምን እንደሚሠሩ፣ ቁርስ ይቀርብ እንደሆነ። ጋሽ ታደሰ ሰኞ ጠዋት ቀድመው ልከውለት፣ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ከመግባቱ በፊት በረምዚ ስልክ ሁሉንም አንብቦታል። ቁርሱ ጋ ሲደርስ ፍርሃቱ ቀለለለት።

ለምን ለኔ አልነገርከኝም አልኩት። አንቺ ታለቅሻለሽ አለ። ከፋኝ። እውነቱን ነው ግን። ጋሽ ታደሰን አየኋቸው፤ ያን ሁሉ ስድብ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ተቀብለው ምስጢሩን አላወጡም። አፈርኩ። እጃቸውን ሳምኩ፤ ምን ሆንሽ ብለው ነጠቁኝ።

ካፒቴኑ ሞቶ ይቅር አለ ነጅብ። በደንብ ሞቷል። «እኔን ግን እዚያው መርከብ ላይ ልብስ ሰፊ አድርጉኝ። የሚያረጅ።» ከዚያ፣ በስሜ የሚጠራ ሽማግሌ አስቤ አላውቅም ነበር አለ።

ቲክ ቲኩ ብቻ ይሰማል።

ወሰንን። አራት ለዜሮ። ልብስ ሰፊው ነጅብ ያረጃል። ተራው የደረሰ ማንም ጸሐፊ እንዳይገድለው ተከልክሏል፣ ጋሽ ታደሰም ቢለመኑ። ይሸብታል፣ ይነጫነጫል፣ የልጅ ልጆች ክሩን ይበትኑበታል። የሚቀጥለው ክፍል የኔ ነው። ከዐይኑ እጀምራለሁ፤ አንድ ቀን ክር በመርፌ ማስገባት ያቅተዋል፣ እኔም መነጽር አስገዛዋለሁ።