በሚካኤል ዕለት በበሬ ስለተጎተተው የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና

ለተከበሩ የ«ንጹሕ ጭነት» ፕሮጀክት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ምንጣፍ እንደምን አሉ? እኛ የጉና ግርጌ ድንች አምራቾች፣ አሮጌውን የናፍጣ መኪናችንን ወስደው በምትኩ የሰጡን የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ካደከመን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ምስጋናችን ብዙ ስለሆነ በቁጥር ማቅረብን መርጠናል።

፩. መኪናው ድምፅ የሚባል የለውም። ዳገት ላይ መቆሙን የምናውቀው ዛፎቹ መሄድ ሲያቆሙ ነው።

፪. ባትሪው እጅግ ከባድ በመሆኑ መኪናው በዋናነት የሚያመላልሰው ባትሪውን ነው፤ ለድንቻችን ስለተረፈችው ቦታ ከልብ እናመሰግናለን። ቁልቁለት ሲወርድ ራሱን በከፊል እንደሚሞላም ባለሙያዎ ስላስረዱን፣ ገበያችንን ወደ ገደሉ ሥር ያወርዱልን ዘንድ በትሕትና እናመለክታለን።

፫. በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ የወጣቷን አባላችንን የፍቅርተን የዘር ድንች ጭነን ወደ ደብረ ታቦር ስንጓዝ፣ ባትሪው ዳገቱ ወገብ ላይ አለቀና መኪናው እዚያው አደረ። ባትሪ በብርድ ቶሎ እንደሚደክም ሾፌራችን አቶ ይሻው የተረዱት ያን ጊዜ ነው። በማግሥቱ ለመጎተት በሬ ብንፈልግ፣ በሚካኤል በሬ አይጠመድምና መሪጌታ ዋልልኝን ጠየቅን። እሳቸውም ወንጌል በሰንበት ጉድጓድ የገባን በሬ ማውጣትን እንደሚፈቅድ፣ በሬ መኪና ስለሚያወጣበት በዓል ግን ምንም እንደማይል ገልጸው፣ ብዙ ካሰቡ በኋላ ከቅዳሴ መልስ ፈቀዱልን። ስድስት ጥማድ በሬና ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ምእመን ሁሉ ተረባርቦ አወጣው። በመኪናው ጎን ያስጻፉት «መጪው ዘመን» የሚለው ቃል ከበሬዎቹ ጭራ ኋላ ጥርት ብሎ ይነበብ ነበር።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። ፍቅርተ ከአረብ አገር ተመልሳ፣ በአገሬ ሠርቼ እኖራለሁ ብላ ያዘጋጀችው ዘር በሙሉ በውርጭ ተበላሽቷል። ከረጢቱን ከፍታ አየችና መልሳ አሰረችው፤ እኔ ግን አፈርኩ፣ ተናደድኩም። አሁን ተመልሳ ለመሄድ ፓስፖርቷን እያሳደሰች ነው። አዲስ ነገር አንጠላም፤ መኪናው ለከተማ ሜዳ ይሆን ይሆናል። ለእኛ ዳገትና ብርድ ግን ባትሪው እስኪጎለምስ ድረስ አሮጌውን መኪናችንን ይመልሱልን።

ሪባኑን ሲቆርጡ ያጨበጨብንልዎ፣ ዛሬም በጀርባችን ፕሮጀክትዎን የምንገፋልዎ ታዛዦችዎን በመወከል፣

ፋንታው ዘውዱ
የድንች አምራቾቹ ሰብሳቢ

ማስታወሻ፦ መኪናው በኅዳር ሚካኤል ዕለት ያለ አንዲት ጠብታ ናፍጣ ዳገቱን እንደወጣ በዓመታዊ ሪፖርትዎ አንብበናል። እውነት ነው። ለዚህም ሽልማት እንደተቀበሉ ሰምተናልና፣ የበሬዎቹን ድርሻ በገለባ፣ የፍቅርተን ድርሻ በዘር ድንች ይላኩልን፤ እባክዎ፣ ሳትሄድ።