አንዱን ምድጃ አራት ያላሉት ኢንጂነር ዕንባቆም ጠና

ኢንጂነር ዕንባቆም ጠና ይሠሩበት ከነበረው የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የተላከው የሐዘን መግለጫ፣ በ2016 ዓ.ም. «በፈቃዳቸው፣ በምስጋና» ሥራ እንደለቀቁ ይገልጻል። ባለቤታቸው ወ/ሮ አዜብ ደግሞ የሐሰት ሪፖርት አልፈርምም በማለታቸው የቢሮ ቁልፋቸውን ተቀምተው፣ በጥበቃ ተከበው ከግቢ መውጣታቸውን ይናገራሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ቀን ነው።

ኢንጂነር ዕንባቆም ከአባታቸው ከአቶ ጠናና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሃቢባ በ1955 ዓ.ም. በሌሞ ወረዳ ተወለዱ። በሆሳዕና ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው በ1980 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በኬሚካል ምህንድስና ተመረቁ። በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ አዜብ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሐዳሳንና ሆሴዕን አፍርተዋል።

የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የሚያመርተው ፋብሪካ አራት ምድጃዎቹን የሚያሞቀው በጥቁር ናፍጣ ነበር። ጭሱ የጎረቤቱን ልብስ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ያጠቁረው ነበር። ኢንጂነሩ በ2012 ዓ.ም. ምድጃዎቹ በኤሌክትሪክ እንዲሞቁ ሐሳብ አቀረቡ። የመጀመሪያው ተቀይሮ ሲሞከር መብራት በድንገት ጠፋና ቧንቧው ውስጥ ያለው ሁሉ ረግቶ ደረቀ። ይህን አስቀድመው አላሰቡም ነበር። «ስህተቱ የእኔ ነው» ብለው በሪፖርታቸው ጻፉ፤ ከሠራተኞቹም ጋር አሥራ አንድ ቀን ቧንቧ ፋቁ። ከዚያ በኋላ ምድጃው ያለ ጭስ ሠራ።

አስተዳደሩ ግን በዚያ በአንዱ ምድጃ ላይ ሪባን ቆርጦ አራቱም ተቀይረዋል ሲል አወጀ። እንግዳ ሲመጣ ናፍጣ የሚያነዱት ሦስቱ ይጠፋሉ፣ የኤሌክትሪኩ ይጎበኛል፣ ይጨበጨባል። የእንግዳው መኪና ከበሩ እንደወጣ ጥቁሩ ጭስ ይለቀቃል። መብራት መቆራረጡ፣ ሦስቱን መቀየርም ቀላል አለመሆኑ እውነት ነው፤ ኢንጂነሩም አልካዱም። «አልቻልንም ማለት ምን ያሳፍራል?» ይሉ ነበር። ያንገሸገሻቸው ውሸቱ ነው። ጭሱ ከነጭራሹ ቀርቷል የሚል ወረቀት ቀርቦላቸው፣ አልፈረሙም።

ኢንጂነር ዕንባቆም ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ። ጌታ እውነት ተናግሮ የደከመውን አገልጋዩን በዕረፍቱ ይቀበል፤ ቤተሰቡንም በእጁ ደግፎ ያጽናና።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት የፋብሪካው ተወካይ ወደ ሐዘኑ ድንኳን መጥተው ነበር። መግለጫቸው በአስከሬኑ ፊት እንዲነበብ፣ ምድጃዎቹ ያሉበት አዳራሽም በሟች ስም እንዲሰየም ጠየቁ። ተመርቆ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ለተቀመጠው ለሆሴዕም «ቦታ አለን» አሉ። ይህን ሁሉ አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ!

ወ/ሮ አዜብ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «እንጀራው ያንተ ነው፤ አንተው መልስላቸው» አሉት።

ሆሴዕ ብድግ ብሎ ለቀስተኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረ፦ «ጋሼ፣ መግለጫዎን ይውሰዱት፤ አይነበብም። የአባቴንም ስም አንሰጥም። እኔም እዚያ አልገባም።»