ገላው ሳይደርቅ

ወረታ፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፣

በዚህ ብርድ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎን እንዴት አደረገዎ? ዓይንዎስ ዳዊቱን እንደ ልብ ያነባል? እኔ፣ ባለቤቴ አለኸኝና ሕፃኗ ማናዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ውሃው ከሜዳው ጎድሏል፤ ከብቶቹም ወርደው ለምለሙን እየጋጡ ነው። አለኸኝ በገበሬ ማኅበሩ ማሳ ሩዝ የሚሉትን አዲስ እህል ሲያጭድ ይውልና፣ ይህ እህል ነው ወይስ ሣር ነው እያለ ሲያሾፍበት ያመሻል።

ቆብ ከደፉ ወዲህ «እርስዎ» እያልኩዎት ኖሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን በዚያ አፍ ልጽፈው ብዬ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። የማወራው የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስለሠራሁት ነገር ነውና፣ እንደ ያኔው አንቺ ልበልሽ፤ አትቀየሚኝ። ደግሞ ራስሽ አንብቢው፣ ለማንም አታስነብቢው። እኔም ለማንም አላስጻፍኩትም። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች እየጎተቱ መሠረተ ትምህርት ሲያስገቡኝ ረግሜያቸው ነበር። አሁን ሳስበው ግን ፊደል ባልቆጥር ኖሮ ይህ ነገር ከእኔ ጋር ይቀበር ነበር፤ ለሌላ ሰው ነግረው የሚያስጽፉት አይደለምና።

መምሬ ወልደ ሥላሴ ባለፈው ቅዳሜ ካለሽበት ገዳም ሲመለሱ ቤታችን ጎራ አሉ። የማናዬ ገላ ደርቆ መሰንጠቁን አጫውተውሽ ኖሮ፣ እንዲህ በሏት ብለሽ የላክሽውን ቃል ነገሩኝ፦ «ለብ ባለ ውሃ ትጠባት። በጨርቅ አትፈትጋት፤ ነካ ነካ ብቻ ታድርጋት። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ቅቤው። ያኔም ‹ሳይደርቅ› ያልኳት ይህን ማለቴ ነበር።» መምሬ ሳቁ፤ የወለደች ሴት ይህ ይጠፋታል ወይ ብለው። እኔ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

ለካ ታውቂያለሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ እያወቅሽ ኖረሻል።

ማናዬ አራተኛ ወሯን ይዛለች። ጉንጯና የክንዷ መታጠፊያ ነጭ ቅርፊት እያወጣ ይሰነጠቃል፤ አንገቷ ሥር ይደማል። ውሃ ውስጥ ሳለች ዝም ትላለች፤ ወጥታ ገላዋ ሲደርቅ ነው የምትጮኸው። የክሊኒኩ ድሬሰር ሳሙና ቀንሺ፣ ካጠብሻት በኋላ ወዲያው ቅቢያት ብሎ ቫዝሊን ሰጥቶኛል። ጎረቤቴ ይታይሽም ለጋ ቅቤ በውሃ አጥባ አምጥታልኛለች። የጎደለ ነገር የለም። እምቢ ያለኝ እጄ ነው። ቅባት መዳፌን ሲነካው ሕፃን ከእጄ ሲሾልክ ይሰማኛል። ልጄ አልጋ ላይ ተኝታ፣ እኔ ወለል ላይ ተቀምጬ እንኳ ይሰማኛል። ስለዚህ አጥባትና እንዲያው እጠቀልላታለሁ። ይታይሽ ከመጣች ትቀባታለች፤ ካልመጣች ሳትቀባ ትውላለች። አለኸኝ በቀደም የገዛ ልጅሽን ትጸየፊያታለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ውሃ ውስጥ ሳስቀምጣት ቀና ብሎ የሚያየኝ ወንድሜ ደሳለው ነው ልበለው?

ወንዛዬ ፍል ውሃ የሄድነው ወገብሽን ታመሽ ነበር። ደሳለው አምስት ወሩ ነበር፤ የእሱም ገላ እንደ ማናዬ አመድ የተነፋበት ይመስል ነበር። አንቺ ከሴቶቹ ጋር ወደ ሞቃቱ ገንዳ ስትወርጂ፣ እኔን ከድንጋዩ ወዲያ፣ ውሃው በረድ ካለበት ዘንድ አስቀመጥሽኝ። ልጁን ሰጠሽኝ፤ ቅቤውን በትንሽ ቅል ሰጠሽኝ። «አለቅልቂውና ገላው ሳይደርቅ ቅቢው» አልሽኝ።

እኔ ምን የገባኝ መሰለሽ? ገላውን የሚያደርቀው ውሃው ነው፤ እንግዲያው ውሃው ሳያደርቀው አስቀድሜ ልቀባው። ስህተት መሆኑ ቀርቶ፣ እንዲያውም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ከራሱ እስከ እግሩ ለቀለቅኩት። ይስቅ ነበር። ከዚያ ብድግ አድርጌ ይዤው ወደ ውሃው ገባሁ።

ኋላ የነገርኩሽን አትረሺውም። ጀርባዬን እሺኝ ብለሽ ስትጠሪኝ ገና ሳላለቀልቀውና ሳልቀባው እንቅልፍ ወስዶት ነበር፣ ድንጋዩ ላይ አስተኝቼው መጣሁ፣ ተንከባሎ ገባ አልኩሽ። ያመንሽኝ መስሎኝ ኖርኩ። ለቀብር ስታጥቢው ግን ውሃው ከገላው ላይ እየተንከባለለ እንደወረደ አይተሻል፤ ቅቤውን ያወቅሽው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። ለአንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላልሽም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ ማንንም ከሩቅ ጠርተሽ አታውቂም። ስትፈልጊኝ አጠገቤ ድረስ መጥተሽ ትከሻዬን ትነኪኛለሽ እንጂ ስሜን አትጠሪም። ሰዉ ጭምት ናት ይልሽ ነበር። እኔ ግን ከምን እንደመጣ አውቅ ነበር፣ እያወቅሁም ዝም አልኩ።

«ጥሪዬ አስደንግጧት ነው ልጁ ከእጇ ያመለጣት» ብለሽ ነው፣ አይደል? እኔን ለባል ድረሽ በዓመቱ ቆብ የደፋሽው፣ ስግደቱ፣ ጾሙ፣ ለዚያች አንዲት ጥሪ ነው፣ አይደል? እናቴ፣ እሷን ከትከሻሽ ላውርዳት። የሌላ ሰው ዕዳ ተሸክመሽ እንድትሞቺብኝ አልፈልግም።

አንቺ አላስደነገጥሽኝም። ስትጠሪኝ እጄ ባዶ ነበር።

እግሬ ውሃውን እንደነካ ሾልኮኝ ነበር። ውሃው እስከ ወገቤ ነው፤ ግን ድፍርስ ነበር፤ እንፋሎቱም ዓይኔን ያዘው። ዳሰስኩ። አንድ ጊዜ እግሩን አገኘሁት፤ ሙልጭ ብሎ ከእጄ ወጣ። የጠራሽኝ ያን ጊዜ ነው። ደግመሽ ጠራሽኝ። ሴቶቹ ከእኔ አሥር እርምጃ አይርቁም ነበር። እኔ ግን ትቆጪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። «አቤት» አልኩና ከውሃው ወጥቼ መጣሁልሽ። ጀርባሽን አሸሁልሽ። ከትከሻሽ እስከ ወገብሽ፣ ሳልቸኩል አሸሁልሽ። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ «ዛሬስ እጅሽ እንዴት ለሰለሰ! እጅሽ ይባረክ» አልሽኝ።

ይኸው ነው። መምሬ ወልደ ሥላሴ ነገ ወደ ገዳም ይወጣሉ፤ አሽጌ እሰጣቸዋለሁ። ያን ምርቃት ላንሳው ብትይ መብትሽ ነው፤ መልስ ብትነፍጊኝም አልቀየምሽም። የምለምንሽ ስግደትሽን እንድትቀንሺ ነው፤ ወገብሽ አይችለውም። ማናዬን ዛሬ ከሰዓት ይታይሽን ሳልጠብቅ አጥባታለሁ። ወለሉ ላይ አስተኝቼ፣ በአንድ እጄ ይዤ በአንዱ እቀባታለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ጸሎትሽን ይስማሽ፤ የቀረሽን ዘመን እንቅልፍ የሞላበት ያድርግልሽ።

ልጅሽ ነኝ ብዬ ለመፈረም አንቺ እስክትፈቅጂልኝ ድረስ፣

የደሳለው እህት