የመኪናዬ የኋላ በር ከሞተሩ ጋር ስላለው ዝምድና

ለተከበሩ የመኪና አስመጪው ድርጅት የዋስትና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት ስብሰባ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ይልቁንም ጉልበትዎ እንደምን ነው? ስብሰባ የሚበዛበት ሰው መቀመጥ ስለሚያበዛ ጉልበቱ ይያዛል ሲሉ ሰምቼ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሼ አንድም ቀን ፊትዎን ለማየት ባልታደልም፣ በቢሮዎ በር ላይ የተለጠፈውን ማዕረግዎን እያነበብኩ ስለተመለስኩ የተዛመድን ያህል ይሰማኛል። እርግጥ ሥጋ ዘመድ ቢሆን ኖሮ ከዘጠኙ አንዱን ቀን ብቅ ይል ነበር። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለማውጣት የተገደድኩትም ሌላ ክፋት አስቤ ሳይሆን፣ በእጄ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከእርስዎ ጋር ስብሰባ ገብተው እስካሁን ስላልወጡ ነው።

ማንነቴን ለመግለጽ ያህል፣ አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዳሁ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የልጅ ልጆቼን በማብሸቅ ጊዜዬን የማሳልፍ ሽማግሌ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከድርጅትዎ አንዲት ግራጫ መኪና ገዝቼ የአምስት ዓመት ዋስትና ከነደብተሩ ተረክቤያለሁ።

ጥፋቴንም እርስዎ ሳይደርሱበት እኔው ልናገር። ዓመት ሊሆነው ነው፣ የመኪናዬን የሞተር ኮምፒውተር አስነክቻለሁ። ከቤታችን በታች አንድ አቀበት አለ፤ አማቼ በዚያ አሮጌ መኪናው ጥሩምባ እየነፋ በዚያ አቀበት ላይ ባለፈኝ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። ሰፈሩ «ሐኪሙ» የሚለው አንድ ባለሙያ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከመሪው ሥር ገመድ ሰክቶ፣ ሞተሩ የበለጠ እንዲጎትት ፕሮግራሙን በሃያ ደቂቃ ቀየረልኝ። ከመንካቱ በፊት ግን ሞተሩ ወይም ቱርቦው አንድ ነገር ቢሆን ካምፓኒው ዞር ብሎ እንደማያየኝ በግልጽ አስጠንቅቆኛል፤ እኔም ዓይኔ እያየ ተስማምቻለሁ። በማግስቱ አማቼን አቀበቱ ላይ አልፌው እጄን በመስኮት ሳውለበልብለት፣ ባለቤቴ ከኋላ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ የተጋባነው አብረን ልናረጅ ነው እንጂ አብረን ልንበር አይደለም» ብላኝ ነበር። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ነገ ሞተሩ ቢፈነዳ አመዱን ጠርጌ እሄዳለሁ እንጂ ደጅዎ ላይ አልቆምም።

የተበላሸው ግን የቀኝ የኋላ በር ነው። ከውስጥም ከውጭም አልከፈት ብሏል። ሞተሩ እንደ ፍየል አቀበቱን ይወጣል፤ በሩ ግን እንደ ጉድ ተቆልፎ ተቀምጧል።

በር ምን ያህል ነገር ነው ይሉ ይሆናል። ባለቤቴ ቀኝ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ሁለት ወሯ ነው። ጉልበቷ ገና ስለማይታጠፍ ከፊት መቀመጥ አትችልም፤ በቀኝ የኋላ በር በጀርባዋ ገብታ እግሯን በመቀመጫው ላይ ዘርግታ ነው የምትሄደው። በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ አላት። ሐኪሟ ጉልበቱ በሦስት ወር ውስጥ ካልተፍታታ እንደ ደረቀ ይቀራል ብሏል። ከሦስቱ ወር አንድ ወር ተኩሉን በሩ በላው፤ የቀረን አራት ሳምንት ነው። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የመጀመሪያ ቀን መኪናዋን ሳስረክብ፣ የመቀበያዋ ልጅ እንደ ገዛ ልጄ «እንዴት ዋሉ አባባ» ብላ ስትቀበለኝ አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ ስለ በሩ መናገር ሲገባኝ አማቼን እንዴት እንዳለፍኩት ተረኩላት። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል እንዲሉ፣ ወዲያው መካኒኩ ተጠርቶ የመመርመሪያ ገመዱን ሰካ። የወጣውን አነበበና «አባባ፣ ሲስተሙ ፋይልዎን ቀይ አድርጎታል። ቀይ ካለ እኔ እንኳን በሩን፣ የሲጋራ መተርኮሻውንም አልነካም» አለኝ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ሲናገር ከእኔ ይልቅ እሱ አፍሮ ነበር።

ሁለተኛ፤ የዋስትናውን ደብተር በማጉያ መነጽር፣ ቀን በፀሐይ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ይህን ያደረግሁ የመጀመሪያው ደንበኛዎ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ባለቤቱ በሞተሩ ኮምፒውተር ላይ ያደረገው ለውጥ የሚያመጣው ብልሽት በዋስትና እንደማይሸፈን ተጽፏል፤ ፍትሐዊ ነው። ለውጡ ያላመጣውም ብልሽት አይሸፈንም የሚል ግን አላገኘሁም። ምናልባት ለእርስዎ የተሰጠው ደብተር ከእኔው በገጽ ይበልጥ ይሆናል። አርባ ዓመት ስነዳ ሞተር ሲቃጠል አይቻለሁ፣ ፍሬን ሲበጠስ አይቻለሁ፤ አቀበት ቶሎ ወጣህብኝ ብሎ በሩን የዘጋ መኪና ግን አላየሁም። ክቡርነትዎ ከሞተሩ እስከ በሩ ያለውን የዝምድና ሐረግ ቆጥረው ቢያሳዩኝ ጉልበት ስሜ እመለሳለሁ። አለበለዚያ ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖብኛል።

ሦስተኛ፤ ነገር ይብረድ ብዬ ያንን የሰፈራችንን የመኪና «ሐኪም» ተመልሼ ለመንኩትና የሞተሩን ፕሮግራም እንደ ፋብሪካው አድርጎ መለሰልኝ። አማቼ እንደገና ጥሩምባውን እየነፋ ያልፈኝ ጀመር፤ ይህን ውርደት ስለ ዋስትና ብዬ ተቀበልኩ። መኪናዋን በኩራት ይዤ ስመጣ፣ ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት የሚቆጥር ማኅደር እንዳለውና ቁጥሩ አሁን ሁለት እንደሆነ፣ በዚህም ምክንያት ፋይሌ ከቀይ ወደ ደማቅ ቀይ እንደተሸጋገረ ተነገረኝ። ክቡርነትዎ፣ እኔ የልጅ ልጆቼ የሰረቁትን ከረሜላ ሲመልሱ ሁለት ጊዜ ሰረቃችሁ ብዬ የምቀጣ አያት አለመሆኔ ስህተት ኖሯል።

አራተኛ፤ እንግዲያው በራሴ ወጪ ይሠራልኝ አልኩ። ቀይ ፋይል ሳይዘጋ በክፍያም ቢሆን ሥራ እንደማይጀመር፣ ፋይሉም ያለ እርስዎ ፊርማ እንደማይዘጋ፣ እርስዎም ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ተነገረኝ። ውጭ ላሠራው ስል ደግሞ አዲሱ መቆለፊያ ከመኪናዋ ጋር የሚተዋወቀው በእናንተ መሣሪያ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላ ጋራዥ በሩን ከከፈተውም በሩ ራሱ ቀይ እንደሚሆን ተረዳሁ። አትሠሩትም፣ ሌላ እንዲሠራውም አትፈቅዱም። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ያለችው አህያ ወረፋ ስትጠብቅ የነበረው በእናንተ መቀበያ ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

አምስተኛ፤ በግራው በር እንድትገባ ተመክረናል። ሞክረናል። በግራ በር ገብታ በመቀመጫው ላይ የሚዘረጋው ግራ እግሯ ነው፤ የታመመው ቀኙ ተንጠልጥሎ ዋለና ማታውን እንደ ቅል አበጠ። ግራ ጉልበቷን ታሠራና ትምጣ የሚል ደብዳቤ ሳይደርሰን በፊት ይህንኑ ማሳወቅ ወደድኩ። በኪራይ መኪናም ሞክረን እግሯን የሚያዘረጋ ያገኘነው አንድ ቀን ብቻ ነው። ከአሥራ ሁለት ቀጠሮ የደረሰችው ለሁለቱ ነው።

ምስጋናዬንም ሳላቀርብ አላልፍም። በመጠበቂያ ክፍላችሁ ላለው ቀዝቃዛ ውኃና ሰው ሲቀመጥበት ለሚውጠው ሶፋ አመሰግናለሁ። ከእያንዳንዱ ምልልሴ በኋላ ስልክ እየደወለች ከአንድ እስከ አምስት ምን ያህል እንደረካሁ ለምትጠይቀኝ ልጅም ምስጋናዬ ይድረሳት። ዘጠኙንም ጊዜ አምስት ሰጥቻታለሁ፤ ከድርጅታችሁ ሁሉ ደውሎ የጠየቀኝ እሷ ብቻ ናትና። በዚህ ምክንያት እርስዎ ዘንድ የደረሰው ሪፖርት እጅግ የረካሁ ደንበኛ እንደሆንኩ የሚገልጽ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አሁን ግን ክቡርነትዎ፣ ለአንድ አፍታ ቀልዱን ልተወው። ባለፈው ማክሰኞ ዘጠነኛውን ምልልሴን ጨርሼ ስገባ፣ ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣ ነበር። ፊቴን አየችና ምንም ሳትጠይቀኝ «ተወው በቃ። እኔ በአንድ እግር ይበቃኛል፣ አንተም ደጅ መጥናት ይብቃህ» አለችኝ። ሃምሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ይቺ ሴት ስትሰለች አይቻት አላውቅም። እኔን እንኳ አልሰለቸችኝም፣ የምሰለች ሆኜ ሳለ። በዋስትና ደብተራችሁ የማይሸፈን ብልሽት ማለት ይህ ነው።

የምለምነው አንድ ፊርማ ብቻ ነው። በዋስትናው ይሠራ ብለው ይፈርሙ፤ ወይም ፋይሉ ይዘጋ ብለው ይፈርሙና በገንዘቤ ይሠራልኝ። ሁለቱም እኩል ቀለም ይጨርሳሉ፤ እስክሪብቶውን ከፈለጉ እኔ አመጣለሁ።

ስብሰባዎ በሰላም እንዲጠናቀቅ፣ ወንበርዎ እንዲለሰልስ፣ የቤትዎም የመኪናዎም በሮች ሁሉ በእጅዎ እንዲከፈቱ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በደማቅ ቀይ የተመዘገብኩ፣ የአሥራ አንድ ልጆች አያት፣ የአንድ ጉልበት ጠባቂ፣
ታዛዥ ደንበኛዎ

ማስታወሻ፤ የጎረቤታችን ሚኒባስ ሰፊ ነው፣ ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሆነ ሊያደርሰን የሚችለው እሁድ ብቻ ነው። እሁድ ክሊኒኩ ዝግ ነው፤ የእናንተ የሽያጭ አዳራሽ ግን ክፍት መሆኑን በደስታ አረጋግጫለሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን አማክሬያት፣ ወለሉ ለስላሳና ደልዳላ ስለሆነ፣ በየሦስት እርምጃውም የሚያዝ ነገር ስላለ ለልምምድ እጅግ ተስማሚ ነው ብላለች፤ ራሷም ትመጣለች። ስለዚህ ከፊታችን እሁድ ጀምሮ ባለቤቴ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በአዲሶቹ መኪኖች መካከል ሃያ ዙር ትመላለሳለች፤ እጇን ለማሳረፍም የእያንዳንዱን መኪና የቀኝ የኋላ በር እየከፈተች ትዘጋለች። ምን እያደረገች እንደሆነ የሚጠይቃት ገዢ ካለ በትሕትና እንድታስረዳው ነግሬያታለሁ። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ከመጀመሪያው ነው የምትጀምረው፣ አታሳጥርም።